ከገደሉ ወዲያ ያለው ሥዕል፦ የአቡነ ይምዓታ ጉሕ ጉልላቶችና የገርዓልታ የእግር መንገድ

ስለ አቡነ ይምዓታ ጉሕ የሚነገረው ወሬ በገደሉ ጀምሮ በገደሉ ያልቃል። በስልካችን የሚደርሱን ተንቀሳቃሽ ምስሎች «የዓለማችን አደገኛው ቤተ ክርስቲያን» የሚል ርዕስ ተሸክመው ባዶ እግሩን ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው፣ ከሥሩም ዓይን የማይጨርሰው ሸለቆ ያሳያሉ። በሩ ሲከፈት ምስሉ ይቆረጣል፤ ወይም ካሜራው ለጥቂት ሰከንድ ጣሪያውን ቃኝቶ ወደ ገደሉ ይመለሳል። ይህ ዳሰሳ የሚነሳው እነዚያ ምስሎች ከሚቆረጡበት ቦታ ነው። በገርዓልታ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ ጫፍ ላይ የሚጠብቀን፣ በእኔ ግምት፣ ከመካከለኛው ዘመን የኢትዮጵያ የግድግዳ ሥዕሎች እጅግ ከታሰበባቸው አንዱ ነው። መንገዱም የሥዕሉ አካል ነው። ችግሩ ዛሬ መንገዱን የምንጓዝበት አኳኋን ሥዕሉን እየጋረደው መሆኑ ነው።

ጉዞው የሚጀመረው በትግራይ፣ በሐውዜን አቅራቢያ ካለችው ከመጋብ ነው። የአካባቢው መሪዎች የሚገኙት እዚያ ነው፤ ያለ እነርሱ መውጣት መሞከርም አይገባም። ከመኪና ወርዶ በማሳ ዳርና በቁልቋል መካከል ሲታለፍ፣ ከፊት የቆመው አምባ ቀለሙን እየለወጠ ይመጣል። ከሩቅ አንድ ወጥ ቀይ የመሰለው ሲቀርቡት ሮዝ፣ ቢጫና ቡና ዓይነት ሆኖ ንጣፍ በንጣፍ ይገለጣል። ጂኦሎጂስቶች የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ የሚሉት ይህ ነው። በትራያሲክና በጁራሲክ ዘመናት ውኃ እያመጣ የደረደረው አሸዋ በክብደትና በጊዜ ብዛት ጠጥሮ ድንጋይ ሆነ፤ ቅላቱን ያገኘው በውስጡ ካለው ብረት ነው። ቀጥ ያሉ ስንጥቆቹን ዝናብና ንፋስ እየሰረሰሩ ሲያሰፏቸው ከትልቁ አምባ የተነጠሉ ዓምዶች ቀሩ። ቤተ ክርስቲያኑ የተፈለፈለው ከእነዚህ ዓምዶች በአንዱ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,580 ሜትር ገደማ ላይ ነው።

የድንጋዩን ጠባይ ሳያውቁ ስለ ሥዕሉ መናገር አይቻልም። የአሸዋ ድንጋይ ለብረት መሣሪያ እሺ ይላል፤ ከተጠረበም በኋላ ቅርጹን ይዞ ይቆያል። በትግራይ ከመቶ በላይ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ሊኖሩ የቻሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከፍ ባለና በተከለለ ቦታ ሲሆን ደግሞ ውስጡ ደረቅ ነው፤ ቀለም በደረቅ ግድግዳ ላይ ዕድሜው ይረዝማል። እዚያው ገርዓልታ ውስጥ ማርያም ቆርቆር አለች፤ ከይምዓታ እጅግ ትሰፋለች፣ በመስቀል ቅርጽ የተጠረቡ ዓምዶቿም ግርማ አላቸው። ሥዕሎቿ ግን በብዙ ቦታ ደብዝዘዋል፤ ተመልካች ምስሉን በግምት እየሞላ ነው የሚያየው። የጉሕን ጉልላቶች ከዚያ በኋላ ያየ ሰው የቀለሙ ድምቀት ያስደነግጠዋል።

መውጫው ላይ ጫማ ይወልቃል። መጀመሪያ ቀጥ ያለ ግድግዳ አለ፤ የእጅና የእግር መያዣዎች ተፈልፍለውበታል፣ ብዛት ያለው እግር እየረገጠም አለስልሷቸዋል። እዚህ ላይ የመሪዎቹ ሙያ ይታያል። አንዱ ከላይ ሆኖ እጅ ይቀበላል፤ ሌላው ከሥር ቆሞ የወጪውን ቁርጭምጭሚት ይዞ እግሩን በቀዳዳው ውስጥ ያስቀምጣል። ብዙ አይናገሩም። «ኣጆኻ»፣ አይዞህ፣ ይላሉ፤ ቀጥሎ የትኛው እጅ የት እንደሚሄድ ይናገራሉ፤ በቃ። የሚፈራውን ሰው ዓይን ወደ ድንጋዩ እንጂ ወደ ታች እንዳይሄድ የሚያደርጉት በዚህ አጭር ንግግር ነው። ከግድግዳው በኋላ በሁለት በኩል ገደል ያለው ድልድይ መሰል ቋጥኝ፣ ከዚያም ወደ በሩ የሚወስደው ጠባብ ጠርዝ ይመጣል። ከጠርዙ በታች ሁለት መቶ ሜትር የሚያልፍ ባዶ አየር ነው።

ያን ጊዜ እጅ የሚይዘው ነገር ኋላ ዓይን ለሚያየው ያዘጋጃል። መያዣዎቹም ጉልላቶቹም ከዚያው ድንጋይ በመቆፈር የወጡ ናቸው። ጠራቢ ግንብ አይገነባም፤ የሚሠራው የማይፈለገውን እያነሳ ነው። ወጪው ጣቱን በአንዲት ጎድጓዳ ውስጥ አስገብቶ ክብደቱን ሲጥልባት የጠራቢውን ልክ በሰውነቱ ያውቀዋል። ከውስጥ ደግሞ ያው ልክ በሰፊው ሆኖ ከራሱ በላይ ያገኘዋል። መንገዱ የሥዕሉ አካል ነው ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው፤ በመኪና በር ላይ ቢወረድ ኖሮ ይህ እውቀት አይገኝም ነበር።

ውስጡ ትንሽ ነው። ከፀሐይ የገባ ዓይን በመጀመሪያ ጨለማ እንጂ ሌላ አያይም፤ ብርሃኑ ባብዛኛው ከበሩ የሚመጣ ነው። ቄሱ ጧፍ ካበሩ በኋላም ዓይን ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል። ቀስ በቀስ ከላይ ሁለቱ ጉልላቶች ይወጣሉ። በአንደኛው ዘጠኝ ሐዋርያት ዙሪያውን ይዘዋል። በሁለተኛው ስምንት መነኮሳት አሉ፤ ከተሰዓቱ ቅዱሳን ስምንቱ ናቸው። ዘጠነኛው፣ የቦታው ባለቤት አቡነ ይምዓታ፣ ከጉልላቱ ወርዶ ግድግዳው ላይ በፈረስ ተቀምጧል።

ይህን አቀማመጥ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ሐዋርያት ዐሥራ ሁለት ናቸው፤ ሠዓሊው በጉልላቱ የሳለው ዘጠኝ ነው። ቦታ አነሰው የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ ቦታ ያነሰው ሠዓሊ ግን ዘጠኝን ከዘጠኝ ጋር እንዲህ ትይዩ አያደርግም። የእኔ ንባብ ይህ ነው፦ ዘጠኙ ቅዱሳን በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ6ኛው መጀመሪያ ገደማ ወደ አክሱም መጥተው ወንጌልን ያጸኑ፣ መጻሕፍትን የተረጎሙ፣ ገዳማትን የመሠረቱ ተብለው ይዘከራሉ። ሠዓሊው አባ አሌፍን፣ አባ ጽሕማን፣ አባ አረጋዊን፣ አባ ገሪማንና ባልንጀሮቻቸውን ከሐዋርያት ጉልላት አጠገብ ሲያስቀምጥ «እነዚህ ለእኛ ሐዋርያት ናቸው» እያለ ነው። ሥዕሉ ስብከት ነው፤ የሚሰብከውም በቁጥርና በቦታ ነው።

የይምዓታ ከማኅበሩ መነጠልም ከዚሁ ንባብ ጋር ይሄዳል። ስምንቱ በከፍታ፣ በክብ፣ እንቅስቃሴ በሌለበት ሥርዓት ውስጥ ናቸው። እርሱ በሰው ቁመት ልክ፣ በጉዞ ላይ ነው። ከወንድሞቹ ተለይቶ ወደዚህ አምባ የመጣው እርሱ ነውና ሠዓሊው መምጣቱን ሳለው። ደክሞት፣ አቧራ ለብሶ የገባ እንግዳ በቁመቱ ልክ የሚያገኘው እርሱን ነው፤ ተጓዥ ተጓዥን ያገኛል። ከጉልላቱ ይልቅ ይህን ውሳኔ ነው የማደንቀው። ባለ ታሪኩን ከፍ ለማድረግ ከፍ ወዳለው ቦታ መስቀል ቀላል ነበር፤ ሠዓሊው ዝቅ አድርጎ ቅርብ አደረገው።

ስለ ሠዓሊው እጅም መናገር ይገባል። ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ በሰፊው ተቀብተዋል፤ መስመሩ ጥቁርና እርግጠኛ ነው፤ የልብሱ እጥፋት ጥላ ሳይሆን ጌጥ ነው። ዓይኖቹ ትላልቅ ናቸው፣ ወደ ተመልካቹም ያያሉ። ጉልላት ለሠዓሊ አስቸጋሪ ነው፤ ቀጥ ብሎ የተሳለ ሰው በጎበጠ ድንጋይ ላይ ይጣመማል። እዚህ ግን አካላቱ ከጉብጠቱ ጋር ስለሚታጠፉ ከሥር የቆመ ሰው የትም ቢዞር አንዱ ያየዋል። ይህ የተለማመደ እጅ ሥራ ነው።

ሁሉም ክፍል ግን እኩል አይደለም። ፊቶቹ እጅግ ይመሳሰላሉ፤ አንዱን ሐዋርያ ከሌላው የሚለየው ጢሙ፣ ልብሱ ወይም እጁ እንጂ ገጹ አይደለም። ይህ የዘመኑ ልማድ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ በዚያው ልማድ ውስጥ የሠሩ ሌሎች ሠዓሊዎች ግን ለፊት የበለጠ የተጨነቁበት ጊዜ አለ። ግድግዳዎቹም ከጉልላቶቹ ይልቅ የተጨናነቁ ናቸው፤ ምስል በምስል ላይ ይመጣል፣ ዓይን የሚያርፍበት ባዶ ቦታ ያጣል። ሠዓሊው በክብ ውስጥ ሲያስብ ጌታ ነው፤ አራት ማዕዘን ሲሰጡት ያንን ጥራት ያጣል። የፈረሰኛው ይምዓታ ምስል ከዚህ የግድግዳ ድክመት ያመለጠው እንቅስቃሴው ራሱ ቦታ ስለሚከፍትለት ይመስለኛል።

ሥዕሉን ባለሙያዎች ባብዛኛው በስልቱ ተነስተው የ15ኛው ክፍለ ዘመን ይሉታል። የአካባቢው ትውፊት ቤተ ክርስቲያኑን ከራሱ ከቅዱሱ ጋር፣ ከ6ኛው ክፍለ ዘመን ጋር ያያይዘዋል። ሁለቱን ማጋጨት አያስፈልገኝም። ለሥዕሉ ትርጉም የሚበጀው በመካከላቸው ያለው ርቀት ነው፤ ሠዓሊው የሳላቸው ቅዱሳን ከእርሱ ዘመን ወደ ዘጠኝ መቶ ዓመት የሚርቁ ነበሩ። ገጻቸውን ያየ ሰው አልነበረም። ስማቸውን በቅዳሴና በገድል ሲሰማ ያደገ ሰው፣ የሰማውን በሚያውቃቸው መነኮሳት መልክ ሰጠው።

ይህ ሁሉ ሀብት ለምሁራን ዓለም የታወቀው ዘግይቶ ነው። በ1958 ዓ.ም አዲስ አበባ በተደረገው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ላይ የአዲግራቱ ካህን አባ ተወልደ መድኅን ዮሴፍ የትግራይን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር ሲያቀርቡ ብዙዎቹ ስሞች ለተሰብሳቢው አዲስ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ዴቪድ በክስተንና ሩት ፕላንት ሕንጻዎቹን አጥንተዋል፤ ሌሎችም ቀጥለዋል። ለአማርኛ አንባቢ ግን እስካሁን በቀላሉ የሚደርሰው የገደሉ ፎቶግራፍ ነው። ይህ ያሳዝነኛል። ከለንደን እስከ አዲስ አበባ «አደገኛው» በሚል ቅጽል ብቻ የምናውቀው ቦታ ለአጥቢያው ሰው መደበኛ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ለመነሳት በእናትና በክርስትና ወላጅ ክንድ ያንኑ ግድግዳ ይወጣሉ። እነዚያ እናቶች ጀብዱ እየሠሩ አይደለም፤ ደብራቸው ያለው እዚያ ስለሆነ ነው የሚወጡት።

ወደ መሪዎቹ ልመለስ፤ የዚህ ጉዞ ዕጣ በእነርሱ እጅ ነውና። ሰውን በድንጋይ ላይ የማሳለፍ ጥበባቸው እንከን አላገኘሁበትም። ከበሩ ወዲህ ግን ማብራሪያው ባብዛኛው «ሐዋርያት፣ ቅዱሳን፣ አሮጌ ሥዕል» በሚል ያበቃል። ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም። ስለ ሥዕሉ የተጻፈው አብዛኛው በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ፣ በውድ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ በትግርኛና በአማርኛ አሳጥሮ የሰጣቸው የለም። በትግራይ ጦርነት ዓመታት ደግሞ እንግዳ ጠፍቶ ገቢያቸው ተቋርጦ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ መንገዱ ሲከፈት የመጣው እንግዳ በአብዛኛው ያንኑ የስልክ ምስል ፍለጋ የመጣ ነው። የጠየቀውን ይሰጡታል።

የጉዞው አደረጃጀትም መታረም አለበት። ጠዋት ይምዓታን፣ ከሰዓት ማርያም ቆርቆርንና ጎረቤቷን ዳንኤል ቆርቆርን አንድ ላይ የሚያካትት መርሐ ግብር የተለመደ ነው። እግር ይችለው ይሆናል፤ ዓይን አይችለውም። ሁለት ሰዓት የወጣ ሰው ከሥዕሉ ሥር አሥር ደቂቃ ቆይቶ ይወርዳል፤ ከአሥሩም ግማሹ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ የሚያልፍ ነው። የካሜራ ብልጭታ ይህን መጠበቅ የሚያስቀር ይመስላል፤ የሚያስገኘው ግን የተነጠፈ፣ ጉብጠቱ የጠፋ ጉልላት ነው፣ ቀለሙንም የሚጠቅም ነገር የለውም። ጧፍ ወይም ከበሩ የሚገባው ብርሃን ይበቃል።

ስለዚህ ወደ ገርዓልታ የምትሄዱ ሰዎች መሪያችሁን አስቀድማችሁ አንድ ነገር ጠይቁት፦ ቆርቆርን ለሌላ ቀን ያድርግላችሁ። ከቄሱም ፈቃድ ጠይቁና ከጉልላቶቹ ሥር መሬት ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ ዘጠኙን ቁጠሩ፣ ከዚያ ስምንቱን፣ ከዚያ ፈረሰኛውን ፈልጉ።