ሳናያት የጻፍናት እናት

ባለፈው የንባብ ምሽታችን ሦስት አጫጭር ልቦለዶች ተነበቡ። ሦስቱም ስለ ገጠር ናቸው። ሦስቱም የሚጀምሩት ጎህ ሲቀድ እንስራ አዝላ ወንዝ በምትወርድ እናት ነው። ታዝናለች፣ ታለቅሳለች፣ ልጇን ትናፍቃለች፤ አንዲት ቃል ግን አትተነፍስም። ከሦስቱ አንዱ የእኔ ነበርና ይህ ሂስ ከግለ ሂስ ይጀምራል።

ጭብጨባው ሲበርድ አንድ የጉቴ ልጅ ብድግ ብሎ «ለመሆኑ ሴትዮዋ ዲዳ ናት እንዴ?» ሲል ጠየቀ። ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም። «የኔ እናት ገበያ ወጥታ ስትከራከር ዝም የሚለው ነጋዴው ነው» አለና ተቀመጠ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ጉቴ ገበያ ሄጃለሁ። የሄድኩት ግን የታሪኬን መግቢያ ደብተሬ ላይ ከጻፍኩ በኋላ ነው። ስትስቅ፣ ዋጋ ስትቆርጥ፣ ሒሳብ በቃሏ ስታሰላ ያየኋትን ሴት እዚያው ትቼ፣ ደብተሬ ውስጥ የነበረችውን ይዤ ተመለስኩ። ዓይኔ ማየቱን ትቶ ማረጋገጥ ይዞ ነበር ማለት ነው።

በሽታው የቆየ ነው። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ውስጥ ሰዎች ካሳን «ጉዱ» ካሉት በኋላ የሚናገረውን ሁሉ የእብድ ወሬ አደረጉት። ስሙ ቀድሞ ስለደረሰ ንግግሩን ማድመጥ አላስፈለጋቸውም። እኛ መጽሐፉን እያነበብን በእነሱ እንፈርዳለን፤ ብዕር ስናነሳ ግን ያንኑ እንደግማለን።

ይባስ ብሎ ይህን የምናደርገው ነቀምቴ ላይ ተቀምጠን ነው! እ.ኤ.አ. በ1894 ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ላይ በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ከገቡት ተረቶች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖች ብዙዎቹን ከትዝታዋ ያወጣችው አስቴር ጋኖ ነበረች፤ ገና በልጅነቷ በባርነት ከአገሯ የተወሰደች ሴት። እ.ኤ.አ. በ1899 በታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ላይም ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ደክማለች። እ.ኤ.አ. በ1904 ሁለቱም ነቀምቴ መጥተው አስተምረዋል። እንግዲህ የአገሬው ሴት ቃል በፊደል ከሰፈረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መልሰን ዲዳ ያደረግናት እኛ ነን። «ባላገር ይሰቃያል እንጂ አይናገርም» የሚለውን ይዘን ስለምንመጣ፣ አጠገባችን የሚነገረው ጆሯችን አይገባም።

«ባዶ ዓይን ይዞ የሚመጣ ማን አለ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ማንም የለም። ግን ያየነው ነገር ቀድመን የጻፍነውን ሲያፈርስ፣ እስቲ ይፍረስ! ለዓረፍተ ነገሩ ውበት ስንል ሰውየዋን አንሰዋ።

ታሪኬን ቀድጄዋለሁ። የጉቴው ልጅ እናቱ ዘንድ ሊወስደኝ ቃል ገብቷል። ደብተር እንዳልይዝ ግን አስጠንቅቆኛል።