የጉበት ጥበብ፣ መውጫው ሲዘጋ

አንዋር መስጊድ ሰፈር ካሉት ሥጋ ቤቶች ለዱለት ከተገዛ ትኩስ ጉበት ላይ ጣት የምታህል ቁራሽ አስቀሩና መድኃኒት ቤት የሚሸጠውን፣ ቁስል የሚታጠብበትን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጠብ አድርጉባት። ነጭ አረፋ ወዲያው ይገነፍላል። ከብቱ ከታረደ ሰዓታት ቢያልፉም ካታሌዝ የተባለው ኢንዛይም ሥራ አልፈታም፤ ፐርኦክሳይዱን ወደ ውሃና ኦክስጅን እየለወጠ ነው። አረፋው ያ ኦክስጅን ነው። አንድ የካታሌዝ ሞለኪውል በአንድ ሰከንድ ሚሊዮኖች የፐርኦክሳይድ ሞለኪውሎችን ይፈታል።

ፍጥነት ብቻውን ግን ባለሙያ አያሰኝም። የጉበት ሙያ ልክ ማወቁ ላይ ነው። ከሦስት አሚኖ አሲዶች፣ ከግሉታሜት፣ ከሲስቴይንና ከግላይሲን፣ ግሉታታዮን የተባለች ትንሽ ሞለኪውል ይሠራል። ግሉታታዮን እንደ ፐርኦክሳይድ ላሉ ጎጂ የኦክስጅን ውላጆች የራሷን ኤሌክትሮን ሰጥታ ታበርዳቸዋለች፤ የሰጠችውን ደግሞ ሌላ ኢንዛይም ይመልስላትና እንደገና ለሥራ ትቀርባለች። በዚህ ላይ ከፊሏ ወደ ሐሞት ስትወጣ ውሃ አስከትላ ሐሞቱ እንዲወርድ ታግዛለች። ጠባቂነትና ጠራጊነት በአንዲት ሞለኪውል ተገናኝተዋል።

የግሉታታዮን አሠሪ ኤንአርኤፍ 2 የሚባል ፕሮቲን ነው። በደህናው ቀን ኪፕ 1 የተባለው ጓደኛው ይይዘውና እንዲፈርስ ያስተላልፈዋል። ሴሉ ይሠራዋል፤ ያፈርሰዋል፤ ደግሞ ይሠራዋል። ከላይ ሲያዩት ብክነት ነው። ነገር ግን ጎጂ ሞለኪውሎች የኪፕ 1ን የሰልፈር ጫፎች ሲነኩ መያዙን ይተዋል፤ አዲስ የተሠራው ኤንአርኤፍ 2 ወደ ሴሉ ኒውክሊየስ ገብቶ ግሉታታዮን የሚሠሩትን ኢንዛይሞች ያዛል። አደጋ ሲመጣ ከባዶ ከመነሣት፣ የተሠራውን አለማፍረስ ይፈጥናል።

ይህ ሁሉ የሚፈተነው የሐሞት ቧንቧ ሲታወክ ነው። በከብቶቻችን የተለመደው ጠንቅ የጉበት ትል ነው፤ በደጋ ፋሽዮላ ሄፓቲካ፣ በቆላ ፋሽዮላ ጃይጋንቲካ። ከእርጥብ ሣር ጋር ተውጦ ጉበቱን እየሰረሰረ ያልፍና የሐሞት ቧንቧ ውስጥ ይሰፍራል። ቧንቧው በብግነት ይወፍራል፤ ሲቆይም ካልሲየም ይጋገርበታል፤ ሥጋ መርማሪው ሲሰነጥቀው ከቢላው ሥር ይንቋቋል። ትሉም የዋዛ አይደለም። ካታሌዝ ባይኖረውም ፐርኦክሲሬዶክሲን በተባለ ኢንዛይም ራሱን ከከብቱ መከላከያ ያድናል።

በሰው ላይ ቧንቧውን የሚዘጋው ብዙ ጊዜ የሐሞት ጠጠር ወይም ዕጢ ነው። መውጫ ያጣው የሐሞት አሲድ የጉበትን ሴሎች ይጎዳል፤ ለእርዳታ የሚጎርፉት ነጭ የደም ሴሎችም ብግነቱን ያባብሱታል። እዚህ ጋ የጉበትን አያያዝ ልብ በሉ። ከኮሌስትሮል የሚሠራውን የሐሞት አሲድ ይቀንሳል። የተጠራቀመውን ደግሞ በደም በኩል ባለው ገጹ ወደ ውጭ አስወጥቶ ለኩላሊት ያስረክባል። ቢሊሩቢንም ወደ ደም ስለሚመለስ ሽንት ይጠቁራል፣ ዓይን ቢጫ ይሆናል፤ ሐሞት ያልደረሰው ዓይነ ምድር ይነጣል። የወፍ በሽታ ብለን የምንፈራው ያ ቢጫ ቀለም ራሱ እንደ ግሉታታዮን ከጸረ-ኦክሲዳንቶች ወገን ነው፤ በ1987 እ.ኤ.አ. ሮላንድ ስቶከርና ባልደረቦቹ ይህን በቤተ ሙከራ አሳይተዋል።

ጥበቡ ግን ዳር አለው። የሐሞት ቧንቧቸው በታሰረ አይጦች ላይ ግሉታታዮን የሚሠሩት ኢንዛይሞች መጀመሪያ ይጨምራሉ፤ መዘጋቱ ለሳምንታት ሲቀጥል ይወርዳሉ። የባክቴሪያ መርዝና ብግነት ሲደራረቡ፣ ጠባቂዋ በብዛት በምትፈለግበት ሰዓት ሥሪቷ ይቀንሳል።

ስለዚህ ጥቁር አዝሙድና እርድ በገፍ በሚሸጥበት በመርካቶም ቢሆን፣ የተዘጋ ቧንቧን የሚከፍት ቅመም የለም። ዓይኑ ቢጫ፣ ሽንቱ ጥቁር፣ ዓይነ ምድሩ ነጭ የሆነበት ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። ጉበት የድርሻውን ሠርቷል፤ ምርቱን ቀንሷል፣ ሌላ መንገድ ከፍቷል፣ መከላከያውን አሰልፏል። ዋናውን መውጫ መክፈት ብቻ አይችልም፤ ያ የሐኪሙ እጅ ሥራ ነው።