የጣርማበር ልክ

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ጣርማበር ዋሻ ሲደርስ የሚያደርገው የታወቀ ነው። መስኮቱን ይዘጋል፣ ጋቢውን ሰብሰብ ያደርጋል፣ ሾፌሩም መብራት ያበራል። ዋሻው 587 ሜትር ነው፤ የተጀመረ ወሬ ሳያልቅ ይታለፋል። ወዲያ ሲወጡ ደግሞ ዓይን ወደ ገደሉ ይሸሻል፤ ደብረ ሲና ከእግር ሥር፣ ከእሷ በታች የሸዋ ሮቢት ቆላ። ዘወር ብሎ ዋሻውን የሚያይ የለም። እኔን የሚገርመኝ ግን ያ ቀዳዳ ነው፤ ከቁፋሮውም ይልቅ ልኬቱ።

ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዘለቀው ወረራ አዲስ አበባን ከደሴና ከአስመራ ባገናኘበት መንገድ ላይ የተሠራ ነው። መንገዱ የተጠረገው ለጦሩ ነበር፤ የሸዋ አርበኞችም በዙሪያው ይዋጉ ነበር። ላኪውን መውቀስና የቀያሹን እጅ ማድነቅ አይጣሉም ባይ ነኝ። የተቦረቦረው ባዛልት ነው። የሥነ ምድር ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን የእሳተ ገሞራ ንብርብር ሌላ አውራጃ ሲያገኙት እንኳ «ጣርማበር» ብለው ይጠሩታል።

ተራራ ውስጥ የገባ ሰው አድማስም ፀሐይም የለውም። አቅጣጫውን ከውጭ ይዞ መግባት አለበት። የዚያ ዘመን የዋሻ ቀያሾች ዘዴ ቀላል ይመስላል። በማዕዘን መለኪያው በቴዎዶላይት የተያዘው መስመር ወደ ውስጥ ይገባና ጣሪያው ላይ ሁለት ምስማር ይመታል፤ ከየምስማሩ ቱንቢ በሲባጎ ይንጠለጠላል። ነፋስ እንዳያወዛውዘው የቱንቢው ጫፍ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ይነከራል። አንድ ሰው ፋኖስ ይዞ ወደ ዓለቱ ግንባር ይሄዳል። ቀያሹ ከሲባጎዎቹ ኋላ ይቆምና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል። «ወደ ግራ... ትንሽ ወደ ቀኝ... በቃ!» ሁለቱ ሲባጎ አንድ ሆነው የፋኖሱን ነበልባል መሐል ለመሐል ሲሰነጥቁት፣ ዓለቱ ላይ በቀለም ምልክት ይደረጋል። ከዚያ መብሻው፣ ከዚያ ድማሚቱ። ጭሱ ሲጠራ እንደገና ሲባጎ፣ እንደገና ፋኖስ።

ስሕተቱን በቁጥር ብናየው ይሻላል። ከመግቢያው ላይ መስመሩ በአንዲት ደቂቃ፣ ማለትም በዲግሪ ስድሳኛ እጅ ቢዛባ፣ 587 ሜትር ሲደርስ 17 ሴንቲ ሜትር ይስታል። ለመኪና መንገድ ይህ በመዶሻ የሚቃና ነው። ዋሻው በረዘመ ቁጥር ግን ምሕረቱ ያልቃል። በስዊዘርላንድ 57 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የጎትሃርድ የባቡር ዋሻ በ2010 እ.ኤ.አ. ከሁለት ወገን ተቆፍሮ ሲገናኝ በጎን የሳተው 8 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ላይና ወደ ታች 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር።

ርዝመትም እንደ አቅጣጫው ተንኮለኛ ነው። የመንዝ ንጋት ውርጭ ላይ የተዘረጋ የብረት ሜትር እኩለ ቀን ላይ ያው ሜትር አይደለም፤ ብረቱ ሲሞቅ ይረዝማል። የ20 ዲግሪ ልዩነት በ587 ሜትር ላይ 13 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ያመጣል። ስለዚህ ጠንቃቃ ቀያሽ ከሜትሩ ጎን ቴርሞሜትር ያስቀምጣል፤ ሜትሩ የሚወጠርበትን ጉልበት እንኳ በሚዛን ይለካል። ከሁሉ የምወደው ግን ሌላ ነው። ጣርማበር ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ነው። በዋሻው ሁለት አፍ ላይ ቱንቢ ቢንጠለጠል ሁለቱም የሚያመለክቱት ወደ ምድር እምብርት ስለሆነ፣ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ይቀራረባሉ። ባሕር ወለል ላይ ሲደርሱ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከላይኛው በ28 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያንሳል። ታዲያ የዋሻው ልክ የቱ ነው? አስፋልት ለሚያነጥፈው የላይኛው፣ ካርታ ለሚሠራው የታችኛው።

ወደ መርሐቤቴ በኩል ጥያቄው ሌላ ነው። ከለሚ ወደ ጀማ ወንዝ የሚወርደው መንገድ እየተጠማዘዘ የሚሄደው ለውበት አይደለም፤ መኪና በደህና የሚወርድበት ቁልቁለት ልክ ስላለው ነው። በመቶ ሜትር 8 ሜትር ብቻ ይውረድ ከተባለ፣ አንድ ሺህ ሜትር ለመውረድ 12 ኪሎ ሜትር ተኩል መንገድ ያስፈልጋል። ያን ሁሉ ርዝመት በገደሉ ፊት ላይ አጣጥፎ ማስቀመጥ የቀያሹ ፋንታ ነው።

ከጣርማበር ወደ መዘዞና ሞላሌ፣ አልፎም ወደ መሐል ሜዳ የሚገነጠለውን ዓይነት መንገድ ከፍታ ሲለኩ ደግሞ እጅን ማየት ነው። ቁጥር የተጻፈበትን ረጅም እንጨት የያዘው ልጅ እንጨቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በቀስታ ያወዛውዘዋል። በመነጽሩ የሚያየው ከሚያልፉት ቁጥሮች ትንሹን ይመዘግባል፤ ትንሹ ቁጥር የሚነበበው እንጨቱ ቀጥ ባለባት ቅጽበት ነውና። ልኬቱ ዞሮ ወደ ተነሣበት ችካል ሲመለስ ውጤቱ ዜሮ መሆን ነበረበት፤ አይሆንም። በተለመደው የመንገድ ሥራ መለኪያ ለ9 ኪሎ ሜትር ዙር የሚፈቀደው ልዩነት 36 ሚሊ ሜትር ነው። ካለፈ የመዝገቡ ገጽ በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ አይፋቅም፣ አይቀደድም። ሥራውም ከመጀመሪያው ችካል እንደገና ይጀመራል።