የኤሚል ኖልዴ ሕይወት፦ በግለታሪክ፣ በልብወለድና በሰነድ

የሠዓሊን ሕይወት መመርመር የሥነጥበብ ታሪክ ጸሐፊ ተግባር እንደሆነ ይታመናል። ይሁን እንጂ የጀርመናዊው ሠዓሊ የኤሚል ኖልዴ ዝና ከሸራው ባልተናነሰ በመጻሕፍት የተገነባ በመሆኑ የሥነጽሑፍ ሐያሲንም ይመለከታል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ሠዓሊው ስለራሱ የጻፈው ግለታሪክ፣ ከሕይወቱ በመነሣት የተደረሰው ልብወለድና ዘግይተው የተመረመሩት ሰነዶች የት ላይ እንደሚጋጩ ማሳየት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኖልዴ በ1867 በጀርመንና በዴንማርክ ወሰን አካባቢ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። የቤተሰቡ ስም ሃንሰን ሲሆን በ1902 የትውልድ መንደሩን የኖልዴን ስም የራሱ አደረገ። በእንጨት ቀራጭነት ሠልጥኖ ዘግይቶ ወደ ሥዕል የገባው ይህ ሰው በ1906 «ድልድይ» የተሰኘውን የወጣት ሠዓሊዎች ማኅበር ቢቀላቀልም ብዙ ሳይቆይ ተለየ። በ1911 እና በ1912 የሠራው፣ ዘጠኝ ክፍሎች ያሉት «የክርስቶስ ሕይወት» የአሣሣል ስልቱን ጎላ አድርጎ ያሳያል። ቀለማቱ ሳይለዝቡ ጎን ለጎን ይፋጠጣሉ፤ ፊቶቹም በተለመደው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከሚታየው እርጋታ ይልቅ ስሜት የገነፈለባቸውና ሻካራ ናቸው።

ይኸው ሥራ በ1937 ናዚዎች ሙኒክ ላይ ባዘጋጁት «የዘቀጠ ሥነጥበብ» በተባለው ትርኢት ለመሳለቂያ ተሰቀለ። ከሙዚየሞች የተወረሱት የኖልዴ ሥራዎች ከ1,000 በላይ ሲሆኑ፣ ይህን ያህል የተወረሰበት ሌላ ሠዓሊ የለም። በ1941 ደግሞ ከመንግሥታዊው የሠዓሊዎች ምክር ቤት ተባርሮ ሥራውን እንዳይሸጥ፣ እንዳያሳይና እንዳያሳትም ታገደ። ከጦርነቱ በኋላ የገነነው ትረካ ከዚህ ይነሣል፤ ሽማግሌው በዜቡል ቤቱ ተሸሽጎ በትናንሽ ወረቀቶች ላይ ከ1,300 በላይ የውሃ ቀለም ሥዕሎችን እንደሣለ ተነገረ። ሥዕሎቹም «ያልተሣሉ ሥዕሎች» ተባሉ።

ትረካውን ሐያሲው ቬርነር ሃፍትማን በ1963 ባሳተመው መጽሐፍ አጸናው። በ1968 የወጣው የዚግፍሪድ ሌንዝ «የጀርመንኛ ትምህርት» የተባለው ልብወለድ ደግሞ ወደ ሰፊው አንባቢ አደረሰው። በልብወለዱ ማክስ ሉድቪግ ናንሰን የተባለ ሠዓሊ እንዳይሥል ይታገዳል። ትእዛዙን የሚያደርሰውና የሚያስፈጽመው የመንደሩ ፖሊስ ሲሆን፣ የፖሊሱ ልጅ ዚጊ ሥዕሎቹን ይደብቃል። ናንሰን የሚለው ስም ሃንሰንን ስለሚያስታውስ ብዙ አንባቢ ገጸባሕርይውንና ሠዓሊውን አንድ አድርጎ ተቀበለ።

ሰነዶቹ የሚናገሩት ግን ሌላ ነው። ኖልዴ በ1934 በሰሜን ሽሌስቪግ የነበረውን የናዚ ፓርቲ ተቀላቅሏል። በ1933 የሙያ ባልደረባውን ማክስ ፔክሽታይንን ይሁዲ ነው ብሎ ለባለሥልጣን ጠቁሟል፤ ፔክሽታይን ይሁዲ አልነበረም። በ1934 በታተመው ሁለተኛው የግለታሪክ ቅጽ የነበሩት ጸረ ይሁዲ አንቀጾች ከጦርነቱ በኋላ በወጣው እትም ተወግደዋል። እገዳውም ቢሆን መሸጥንና ማሳየትን እንጂ በቤት ውስጥ መሣልን አልከለከለም። እነዚህ ጉዳዮች በ2019 በርሊን በተዘጋጀ ትርኢት በስፋት ቀረቡ፤ በዚያው ዓመት መራሒተ መንግሥት አንጌላ መርክል በጽሕፈት ቤታቸው የነበሩትን ሁለት የኖልዴ ሥዕሎች መለሱ።

ታዲያ ሌንዝ አንባቢውን አታሏልን? የዚህ ጽሑፍ አቋም አላታለለም የሚል ነው። የልብወለዱ ማዕከላዊ ጥያቄ የሠዓሊው ንጽሕና አይደለም። ዚጊ በወጣት ጥፋተኞች ማረሚያ ተቀምጦ እንዲጽፍ የታዘዘው ስለ ግዴታ ደስታ ነው፤ አባቱም ያዘዘው መንግሥት ከፈረሰ በኋላ እንኳ ትእዛዙን ማስፈጸሙን አያቆምም። ድርሰቱ የሚመረምረው ግዴታ ሕሊናን እንዴት እንደሚተካ ነው። ስሕተቱ የአነባበብ ነው፤ አንባቢ ልብወለዱን እንደ ሕይወት ታሪክ፣ ግለታሪኩን ደግሞ እንደ ሰነድ አነበበ። ግለታሪክ ግን ጸሐፊው ለራሱ የሚያቆመው ምስክር ነው። እትም ከእትም ሳይነጻጸር ሲጠቀስ ሐያሲውን የጸሐፊው ጠበቃ ያደርገዋል።

ሥዕሎቹስ? ሰውየውና ሥራው ይለያያሉ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ሆኖም ሥራው ራሱ ይህን ሙሉ በሙሉ አይፈቅድም። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ኖልዴ ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች ርቆ ወደ ቫይኪንጎችና ወደ ሰሜን ተዋጊዎች አዘንብሏል። በዚህም እምነቱ የርዕሰ ጉዳይ ምርጫውን እንደነካው መገመት ይቻላል። በአንጻሩ የ1912ቱ ክርስቶስ ኃይል በሠሪው የኋላ ጥፋት አይሰረዝም።

ሥራዎቹ ተሳድደዋል፤ ሠሪያቸው ግን የአሳዳጆቹ ደጋፊ ነበር። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አያስተባብልም። «ተጠቂ» የሚለው ቃል በጥቅሉ ሲነገር ይህን ልዩነት ይሸፍናል። ስለዚህ የሐያሲ ድርሻ ማን፣ በምን፣ መቼ ተጠቃ ብሎ መጠየቅና መልሱን ከጸሐፊው አንደበት ብቻ ሳይሆን ከእትሞቹና ከሰነዶቹ መፈለግ ነው።