የተወገደው ዕቃ ይመለስ

ከ400 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የተነዳ አይሱዙ ኤን ፒ አር በቅርቡ የገዛ አንድ ወጣት፣ የሚቀየሩትን ዕቃዎች በወረቀት ጽፎ ወደ ሶማሌ ተራ ከመውረዱ አስቀድሞ፣ «ጋሼ፣ ከየቱ ልጀምር?» ብሎ ጠየቀኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ ብመለከት ዘይቱ፣ ፊልትሮው፣ ቺንጊያው፣ የፍሬን ሸራው፣ ኩሽኔታው ሁሉ በተራ ሰፍሯል፤ የሚነቀፍ ነገርም አላገኘሁበትም። መቼ እንደ ተለወጠ የማይታወቅ ዘይት ሁሉ መለወጥ እንዳለበት የሙያው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ስለ ሆነ፣ በዚያ ላይ ቃል አላበዛም። ነገር ግን በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ያረጀው ብቻ ነበረ፤ የጎደለው አልተጻፈም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

ብዙ ባለቤት የተፈራረቀበት የጭነት መኪና ሲገዛ፣ ጥገናው መጀመር ያለበት ካረጀው ሳይሆን ከተወገደው ዕቃ ነው ብዬ አምናለሁ። ያረጀ ዕቃ ራሱን በራሱ ይገልጣል፤ ኩሽኔታው ይጮኻል፣ ፓራኦሊዮው ያንጠባጥባል፣ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ ባሌስትራው ያዘነብላል። ከስፍራው የተነሣ ዕቃ ግን ድምፅ የለውም፤ ስፍራው ባዶ መሆኑን የሚያስተውለውም ያ ዕቃ በዚያ መኖር እንደ ነበረበት አስቀድሞ የተማረ ሰው ብቻ ነው። የቬንቲላተሩ ዙሪያ መከለያ ለሥራ አላመች ብሎ ተፈትቶ ይቀራል፤ ከአየር ማጣሪያው የውስጠኛው ፊልትሮ ወጥቶ ሞተሩ የአፋርን አቧራ በአንድ ማጣሪያ ብቻ ሲስብ ይኖራል፤ በጭስ መውጫው ላይ ያለው የሞተር ፍሬን ቧንቧው ተቆርጦ ይዘጋና፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርደው መኪና ሸክሙን ሁሉ በጎማ ፍሬኑ ላይ ጥሎ ሸራውን እያቃጠለ ይወርዳል።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን ዘመኔን ሙሉ የተከራከርሁበት የተርሞስታት ነገር ነው። የማከብረው፣ በእጅ ሥራውም የማልበልጠው አንድ የሙያ ባልንጀራዬ፣ «ተርሞስታት የተሠራው በረዶ ለሚወርድበት አገር ነው፤ ሚሌና ጋላፊ ለሚወርድ መኪና ምን ይረባዋል?» እያለ፣ በእጁ የገባውን መኪና ሁሉ ተርሞስታቱን አውጥቶ ይሰድደዋል። እኔም የምመልስለት ሁልጊዜ አንድ ነው። ሞተር ከመጠን በላይ መጋሉ እንደሚጎዳው ሁሉ አለመሞቁም ይጎዳዋል፤ በአዲስ አበባ ማለዳ ብርድ ወይም የጣርማ በርን ቁልቁለት ሲወርድ ግድግዳው የቀዘቀዘ ሲሊንደር ናፍጣውን በሚገባ ስለማያነድደው፣ ያልነደደው ናፍጣ ከግድግዳው ላይ የዘይቱን ሽፋን እያጠበ ወደ ታች ይወርዳል፣ ዘይቱንም ያቀጥነዋል፤ ፋሻውና ሲሊንደሩም ያለ ጊዜያቸው ይበላሉ። ዳግመኛም ባለ ሁለት ክዳን ተርሞስታት በተገጠመላቸው ሞተሮች አንዱ ክዳን ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ሲከፍት ሁለተኛው ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን አቋራጭ ይዘጋል፤ ዕቃው ከወጣ ግን ሁለቱም መንገድ ክፍት ስለሚሆን የጋለው ውኃ በከፊል ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ይገባል። እንግዲህ እንዲቀዘቅዝ ተብሎ ተርሞስታቱ የወጣበት መኪና በዳገቱ መካከል ሲፈላ ቢታይ ሊያስደንቅ አይገባም።

ተርሞስታትን መፈተን ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙዎች ይስቱበታል። ክሩ በክዳኑና በመቀመጫው መካከል ተነክሶ ዕቃው በውኃ በተሞላ ድስት ውስጥ ይንጠለጠላል፤ ቴርሞሜትርም አብሮ ይገባል። እሳቱ በዝግታ ሲያሞቀው በውስጡ ያለው ሰም እየቀለጠና እየሰፋ ክዳኑን ይገፋል፤ በዕቃው ላይ የተጻፈው 82 ከሆነ፣ ውኃው 82 ዲግሪ ግድም ሲደርስ ክዳኑ ክሩን ይለቅቃል፣ ተርሞስታቱም ወደ ድስቱ ወለል ይወድቃል። በዚያች ቅጽበት ቴርሞሜትሩ ይነበባል። ነገር ግን ይኸው ዕቃ ፈጽሞ የሚከፈተው 95 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ ደግሞ ውኃ በ92 ዲግሪ ግድም ስለሚፈላ፣ በድስት ውስጥ ከዚያ ሊያልፍ አይችልም። ይህን ያላስተዋለ መካኒክ፣ «እየፈላ እንኳ ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም» ብሎ ደኅናውን ዕቃ ይጥላል። የራዲያተር ክዳንም በእኛ አገር የበለጠ ክብር ሊሰጠው የሚገባው ስለዚሁ ነው፤ ስፕሪንጉ ደኅና ሆኖ 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ክዳን የውኃውን መፍያ ከ110 ዲግሪ በላይ ሲያደርሰው፣ የላላው ክዳን ግን በ92 ይተወዋል።

አንድ ሰው ተርሞስታቱን ያወጣው በከንቱ አይደለም፤ የሚሸሽገው ደዌ ነበረበት። ከየጉድጓዱ እየተቀዳ ያለ አንቱፍሪዝ የተጨመረው ውኃ በራዲያተሩ ቧንቧዎች ውስጥ ኖራ አብጅቶ ይሆናል፤ የውኃ ፖምፓው ክንፍ ተበልቶ፣ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ፈንድቶ ይሆናል። ዕቃው ወደ ስፍራው ሲመለስ የተሸሸገው ሁሉ ይገለጣል፤ ገዢው ሊፈራው ሳይሆን ሊፈልገው የሚገባ ነገር ነው፤ ጋራዥ፣ መለዋወጫና ወዳጅ በቅርብ ሳሉ በከተማ ይገለጥ።

የጎደለውን ዕቃ ፈልጎ የመመለስን ጠባይ የወረስሁት በፊያት 682 ላይ ዕድሜውን ከፈጸመ መምህሬ ነው። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ የሚሠራ ሰው ነበረ፤ ጆንያ አንጥፎ ብሎኑንና ዳዶውን በተፈቱበት ተራ ይደረድራል፤ ሥራው ተፈጽሞ አንዲት ብሎን በጆንያው ላይ ከቀረች፣ ባለንብረቱ ቆሞ ቢለምነውም እንኳ፣ ስፍራዋ እስኪገኝ ድረስ የተገጠመው ሁሉ እንደ ገና ይፈታል። የረሳት እኛ ልጆቹ ብንሆን አይቈጣም፤ «እኔ ካየኋት ወዲያ የእኔ ናት» ይል ነበር። እኔም እያደር እንደ ተረዳሁት፣ ሌላው ያጎደለውን አይቶ ዝም ያለ ሰው ከአጉዳዩ ጋር ተካፋይ ነው። በሥራዬ ዘመን የጠገንኋቸውን መኪናዎች የሚነዱትን ሰዎች አብዛኛዎቹን አላውቃቸውም፤ ከሸራው ላይ ተኝቶ ሌሊቱን የሚጓዘውን ረዳት፣ በመንገድ ዳር ተሳፍራ ወደ ቤቷ የምትገባውን እናት አላየኋቸውም። እነርሱም አያውቁኝም፤ ነገር ግን ሕይወታቸውን በእጄ ሥራ ላይ አሳርፈዋል። ከዚህ የበለጠ መዓርግ ከዚህ ሙያ ፈልጌ አላውቅም።

ወጣቱ ባለንብረት ወረቀቱን ገልብጦ በጀርባው የጎደሉትን እንዲጽፍ መክሬው፣ ከአሠራር መጽሐፉ ጋር እያስተያየን አብረን ጻፍን። ለእናንተም፣ የሙያ ወንድሞቼ ሆይ፣ ልመናዬ ይህ ነው፦ በበረሃ ግድ ሆኖባችሁ ተርሞስታት ብታወጡ፣ ዕቃውን ለሾፌሩ በእጁ አስረክቡት፤ መውጣቱንም በወረቀት ጽፋችሁ በሊብሬው ውስጥ አኑሩለት።