ለእንዶድ የሚገባው ክብር

የወረታን ከተማ ከቦ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ዋልካ ነው፤ ነጭ ጋቢና ኩታ ለሚወድ ሕዝብ ደግሞ የዋልካ ጭቃ ክፉ ባላንጣ ነው። ለዚህ ባላንጣ ሳሙና ሳይመጣ በፊት የተገኘው መድኃኒት እንዶድ ነበር። ፍሬው ደርቆና ተወቅጦ ውኃ ሲነካው አረፋ ይደፍቃል፤ ፈታይዋና ሸማኔው የደከሙበትን ጥጥም ያነጣዋል። ሳሙና ይቀላል የሚል ሰው አልተሳሳተም፤ እንዶድ ሲወቀጥ ዱቄቱ ያስነጥሳል፣ ዓይንም ያቃጥላል። ግን ቅለት ብቻውን የአንድን ነገር ዋጋ አይለካም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች ወንዝ ወርደው በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ፤ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚገድል ተክል እንዲህ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙበት። አጣቢዎቹ ልማዱን ቀድመው ትተውት ቢሆን ኖሮ ሳይንቲስቱ ምን ያዩ ነበር? (ሽልማቱ ላይ የአጣቢዎቹ ስም የለም።)

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፦ እንዶድ ዓሣም ይገድላል። እውነት ነው፤ የጣና ሐይቅ ዓሣ ለመራባት ወደ ርብና ጉማራ ወንዞች በሚወጣበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ጥፋቱ የአጠቃቀም እንጂ የተክሉ አይደለም። ስለዚህ በአጥራችሁ ላይ የበቀለውን እንዶድ አትመንጥሩት፤ ጋቢውን በሳፋ እጠቡ፣ እጣቢውንም ከወንዝ አርቃችሁ ድፉ።