በሣጥን የተቀመጠ ብዕር

በድሬዳዋ ከተማ በከዚራ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙ ሳይርቅ የሚኖር አንድ ወጣት ጎረቤቴ የሰበሰባቸውን አሮጌ የቀለም ብዕሮች በሣጥን አሳየኝ። ከመካከላቸው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1941 ዓ.ም. ለገበያ የወጣው ፓርከር 51 ነበረበት፤ የዚህ ብዕር ጫፍ የተሸፈነው ቀለሙ ቶሎ እንዳይደርቅ ነው። «እስቲ ለእናትህ ሁለት መስመር ጻፍበት» ብለው፣ በአንዱም ቀለም አልነበረም።

ወጣቶች ሆይ፣ መሰብሰቡን አልነቅፍም፤ ሳይጽፉ በብዕር መኵራትን ግን እነቅፋለሁ። የደረቀውም ቢሆን በለብታ ውሃ ቢታጠብ አብዛኛውን ጊዜ ይጽፋል።

ዳሩ ግን ነቃፊው እኔስ ምን ጻፍሁ? ከአባቴ በወረስሁት ፓርከር፣ ሒሳብ ባቃተው በአንድ ልጅ ደብተር ላይ «ደንቆሮ» ብዬ ጽፌአለሁ። ልጁ ደብተሩን አጥፎ ወጣ፤ በማግሥቱም አልመጣም። ዛሬም ያንን ብዕር ቀለም ስሞላው ፊቱ ይታየኛል።